የሐሙሱ ወንበር

በቪያሪካ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው መንገዳችን፣ የኤሊሂዮን አርፓ ከሁላችን አብልጣ የምታውቀው የዶኛ ካንዴላሪያ በቀቀን ነበረች። ልጁ በዶኛ ካንዴላሪያ ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ከተከራየ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ማለዳ፣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ፣ ያን የሰው ቁመት የሚያህል ባለ ሠላሳ ስድስት ክር አርፓውን፣ የአገራችንን ትልቅ በገና፣ ትከሻው ላይ አስደግፎ ይጀምራል። ዘፈን ቢጫወትልን ደግ ነበር። እሱ ግን ከዜማው አንዲት ቁራጭ ቦታ፣ ቀኝ እጁ ከላይ እንደ ጠፈጠፍ የሚወርድባትን፣ ግራው ከሥር የሚሮጥባትን ያችን ክፉ ቦታ ይዞ ስልሳ ጊዜ ይመላለስባታል። በቀቀኗ ቦታዋን ከነስህተቷ ሸምድዳ ቀኑን ሙሉ ታፏጫታለች። እሱ ስህተቱን ካረመ ሰንብቷል፤ እሷ አላረመችም። “ከሁለቱ ተማሪው ማነው?” እያልን እንስቅ ነበር።

ኒሚያ ሳሙዲዮ ግን አትስቅም። ኤሊሂዮ እጮኛዋ ነዋ! አባቷ ዶን ፖርፊሪዮ ቀንድ ሠራተኛ ናቸው፤ በአውራጃው ያለ ባለከብት ሁሉ ቴሬሬውን፣ ያን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ፣ የሚጠጣው እሳቸው ፈልፍለው፣ ልጃቸው ኒሚያ በጨርቅ ወልውላ በሸጠችው የቀንድ ዋንጫ ነው። ቤታቸው ባለሸክላ ጣሪያ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ ወንበራቸው ባለቆዳ ነው። ኤሊሂዮ የጡብ አቃጣይ ልጅ ነው። ያለው አርፓው፣ ሁለት ሸሚዝና እነዚያ ረዣዥም ጥፍሮቹ ናቸው። አርፓ የሚመታው በጥፍር ስለሆነ ልጁ ጥፍሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ እንጨት አይፈልጥም፣ ባልዲ አይስብም፣ በር እንኳ በክርኑ ነው የሚከፍተው። ለኒሚያ ያሰረላት ቀለበትም ከኮኮ ፍሬ የተፈለፈለ ጥቁር ቀለበት ነው፤ ወርቅ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሁድ እጮኛ የሚጎበኝበት ቀን ነው፤ ይህን በቪያሪካ የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። በእነዚህ ቀናት ልጅቱ ሁለት ወንበር በረንዳው ላይ ታወጣለች። እናት በሩ ሥር ተቀምጠው ዓይናቸውን ዳንቴሉ ላይ፣ ጆሯቸውን ወንበሮቹ ላይ ይተክላሉ። ወንድየው ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ ይመጣል። ያልመጣ እንደሆነ መንገዱ በሙሉ ይቆጥራል።

አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አሥራ ሁለት ሊሆን ተቃረበ፣ የኤሊሂዮ ወንበር ባዶውን ቀረ።

“ጸጉሩ አልተኛ ብሎት ይሆናል” አሉ እናቷ ዶኛ ፊደሊና ቀና ሳይሉ።

ወዲያው ዶኛ ካንዴላሪያ የቺፓ ዳቧቸውን ቅርጫት በራሳቸው ላይ ተሸክመው ከበረንዳው ሥር ቆሙ። ከሽርጣቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

“ከተከራዬ ነው። እኔ አላነበብኩትም” አሉ። “ግን ቀጭን ወረቀት ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ራሱ ይነበባል። ያ የኔ ጥፋት አይደለም።”

ኒሚያ ጀርባዋን ሰጥታ አነበበችው።

“ኒሚያዬ፣ የዋና ከተማው ኦርኬስትራ አንድ የአርፓ ተጫዋች ይፈልጋል። አንድ ብቻ። ፈተናው ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ እሁድ እሁድ ብቻ እመጣለሁ። ማክሰኞን፣ ሐሙስንና ቅዳሜን ለአርፓው ሰጥቻለሁ። እንደምትረጂኝ አውቃለሁ። ኤሊሂዮ።”

ሠላሳ ስድስት ክር በጆሮው ብቻ የሚቃኝ ልጅ አምስት መስመር ደብዳቤ መቃኘት አቃተው። “ሰጥቻለሁ” ብሎ ጻፈ! በእኛ ከተማ የጉብኝት ቀኑን ለሌላ የሰጠ ወንድ፣ ያ “ሌላ” ባለቀሚስ ሴት መሆኗን ለማስረዳት ቄስ አያስፈልግም። ደግሞ ሳይጠይቃት “እንደምትረጂኝ አውቃለሁ” ማለቱ! ኒሚያ ወረቀቱን አራት አጠፈችው።

“ምን ሆነ? ጥፍሩ ተሰበረ?” አሉ ዶን ፖርፊሪዮ ከውስጥ።

“ደህና ነው፣ አባባ” አለች። የራሷን ወንበር አስገባች። የእሱን ግን ማንሳት አልቻለችም፤ የተቀመጠበት ያህል ሆኖ ተሰማትና በረንዳው ላይ እንዳለ ተወችው።

*

ቅዳሜ የኮኮ ቀለበቷን በመሐረብ ቋጥራ ወጣች። ሴት ልጅ ወንድ ተከራይ ያለበት ቤት መሄዷ ነውር ስለሆነ “ቺፓ ልገዛ ነው” አለች። በመንገድ ላይ የምትናገረውን ሦስት ዓረፍተ ነገር አጠናች። የመጀመሪያው ጨዋ ነበር፤ ሁለተኛው የሚያቆስል፤ ሦስተኛው “ደህና ሁን” የሚል።

“ቺፓ ጠዋት ነው ያለቀው” አሏት ዶኛ ካንዴላሪያ ከበሩ ላይ፣ በዱቄት እጃቸው ወደ ጓሮው እያመለከቱ። “የመጣሽበት ግን አላለቀም። በቁጥቋጦው በኩል እይ፤ እኔ አላየሁሽም።”

ኒሚያ ከቁጥቋጦው ኋላ ቆመች። ያቺ ክፉ ቦታ ከመስኮቱ ትወጣለች፤ ትቆማለች፤ እንደገና ትወጣለች። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። አርባ ሁለት ላይ ሲደርስ አቆመ። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ለብርሃኑ አሳያቸው፣ በደቃቅ ሞረድ ዳር ዳራቸውን ነካ ነካ አደረጋቸው፣ እንዲጠነክሩ በተላጠ ነጭ ሽንኩርት አሻቸው። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ እሷ ድረስ መጣ። በጉብኝት ቀን አጠገቧ ሲቀመጥ ለምን የወጥ ቤት ሽታ እንደሚሸት ዛሬ ገባት።

ከዚያ ሁለተኛውን ወንበር አየች።

ከአርፓው ፊት ለፊት ተቀምጧል። አቧራው ተጠርጓል። ከጎኑ፣ በርጩማ ላይ፣ ቴሬሬ የተሞላ የቀንድ ዋንጫ አለ፤ ያውም እሷ የወለወለችው፣ ባለፈው ዓመት በልደቱ የሰጠችው። የኤሊሂዮ ጸጉር በውሃ ተኝቷል። ኮሌታው እስከ ላይ ተቆልፏል። ያችን ቦታ አንዴ ያለ እንከን ወረዳትና ቀና ብሎ ባዶውን ወንበር ጠየቀው፦

“ይቺኛዋስ?”

ትንሽ ጠበቀ።

“ልክ ነሽ” አለ። “ግራው ዘግይቷል። አንዴ ልመለስባት።”

ኒሚያ አፏን በመሐረቧ ያዘች። ቀለበቱ በመሐረቡ ውስጥ ከከንፈሯ ጋር ተጋጨ።

“ሐሙስም እንዲሁ ነበር” አሉ ዶኛ ካንዴላሪያ፣ ያላዩዋት ሴትዮ፣ ከኋላዋ። “አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ታጠበ፣ ለበሰ፣ ወንበር አወጣ። አብዷል ብዬ ለቄሱ ልነግር ነበር። ምን ልበለው?”

“ምንም አይበሉት፣ ዶኛ ካንዴ” አለች ኒሚያ። ቀለበቷን አጠለቀች። ካጠናቻቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱም አላስፈለገም፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ እጇ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል መስሏት ሁለት ጊዜ አሸተተችው፣ ሁለቱንም ጊዜ ደስ አላት።

*

እሁድ ኤሊሂዮ መጣ። ዓይኗን ማየት ፈርቶ ጫማውን ያያል።

“ደብዳቤዬ ደርሶሻል?”

“ደርሶኛል። ዶኛ ካንዴላሪያ ቀድመውኝ አንብበውታል።”

“አስቀየምኩሽ?”

“ሐሙስ ዕለት አዎ።” ኒሚያ ቀሚሷን አስተካከለች። “ይልቅ ንገረኝ፤ ግራው አሁንም ይዘገያል?”

ኤሊሂዮ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ከየት እንዳወቀች ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ። በሩ ሥር የዶኛ ፊደሊና ዳንቴል አንድ ሁለት ጥልፍ ሳተ።

ዶን ፖርፊሪዮ ይህን መተያየት አልወደዱትም። አንድ ያልተሠራ ቀንድና ትልቅ ሞረድ ይዘው ወጡና ለኤሊሂዮ ዘረጉለት።

“ና፣ እስቲ ይቺን አስተካክልልኝ።”

ሁላችንም የዚህን ትርጉም እናውቃለን። የኒሚያን ሁለት ታላላቅ እህቶች ያገቡት ሁለቱም እዚያ ቀንድ መሥሪያ ክፍል አግዳሚ ላይ ቀንድ ሞርደው ነው ለምርቃት የበቁት። አንደኛው አውራ ጣቱን ልጧል፤ እስከ ዛሬ በኩራት ያሳያል።

“ዶን ፖርፊሪዮ፣ አልችልም” አለ ኤሊሂዮ። “ከሰባት ሳምንት በኋላ የፈለጉትን ያህል እሞርድልዎታለሁ። እስከዚያ እጄ የኔ አይደለም።”

“የማን ነው? መያዣ አስይዘኸዋል?”

“ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ለአንድ ነገር ነው ያዘጋጀሁት። አሁን አንድ ጥፍር ቢሰበርብኝ እስኪያድግ ወራት ይፈጃል፤ ፈተናው ደግሞ አይጠብቀኝም።”

ዶን ፖርፊሪዮ እጁን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ገበያ ላይ የቀረበለትን ዓሣ እንደሚያይ ሰው።

“ለሠርጉ የጥፍር ቀለም የምንገዛው ለማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው” አሉ። “ለሷ ነው ላንተ?”

ከማዶ በረንዳ ሳቅ ተሰማ። እኔም ስቄ ነበር፤ አልዋሽም። ኤሊሂዮ ጥፍሮቹን ወደ መዳፉ አጠፈ። ኒሚያ ግን ተነሳች።

“አባባ፣ እጁ የማን ነው ብለው ጠይቀው የለ? የኔ ነው። እኔ ደግሞ ለሞረድ አልሰጥም።”

በዚያ ቤት ለዶን ፖርፊሪዮ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ሞረዳቸውን በብብታቸው አደረጉ።

“እንግዲህ ሁለታችሁም ስሙ። ቀንድ ያልሞረደ እጅ የልጄን እጅ አይዝም። ኦርኬስትራም ገባ፣ ሰማይም ገባ።”

ገብተው በሩን ዘጉ። ሁለቱ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ኒሚያ ክርኗን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ወደ እሱ ክርን አስጠጋች፣ በመካከላቸው የወረቀት ያህል ቦታ ቀረ፤ እስኪመሽም ሁለቱም ያችን የወረቀት ቦታ ጠበቋት።

*

ስድስት እሁዶች እንዲህ አለፉ። ሰባተኛው እሁድ የሳንታ ሮሳ ቀን ዋለ፤ ያን ሰሞን የማይቀረው አውሎ ነፋስም ቀጠሮውን አላፈረሰም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከደቡብ በኩል ጠቆረ፣ የላፓቾው ዛፎች ሮዝ አበባቸውን በአንድ ጊዜ መንገዱ ላይ ዘረገፉት። ፈተናው አራት ቀን ቀርቶታል።

ኤሊሂዮ በረንዳው ላይ ደርሶ ገና አልተቀመጠም። ዶን ፖርፊሪዮ ፀሐይ ላይ የተሰጡትን ቀንዶች በትልቅ ሰፌድ ይዘው ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ሲሮጡ ነፋሱ ሰፌዱን ነጠቃቸው። እንዳይወድቁ የመሥሪያ ክፍሉን በር መቃን በቀኝ እጃቸው ጨበጡ። በሩ እንደ ድንጋይ የከበደ የላፓቾ እንጨት ነው። ነፋሱ አነሳውና ወደ መቃኑ ወረወረው።

ኒሚያ መጮኋን ታስታውሳለች። ኤሊሂዮ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አላየችም። ብቻ እጁን በበሩ ጠርዝና በመቃኑ መካከል አግብቶ፣ በጣቶቹ ጫፍ፣ በሩን ይዞት ቆሟል። በሩ ከዶን ፖርፊሪዮ ጣቶች አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

“እጅዎን ያውጡ” አለ በጥርሱ መካከል።

ሽማግሌው አወጡ። አራት ጣቶቻቸውን፣ አርባ ዓመት ቀንድ የፈለፈሉባቸውን ጣቶች፣ አንድ በአንድ እያጠፉ እየዘረጉ ቆጠሩ። ሲጨርሱ ወደ ኤሊሂዮ ዞሩ። ልጁ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶታል።

“ጎዳህ?”

“ደህና ነኝ።”

“አሳየኝ።”

“ደህና ነኝ፣ ዶን ፖርፊሪዮ። ዝናቡ ሳይዘኝ ልሂድ።”

ኒሚያን አየት አደረጋትና ፈገግ ሊል ሞከረ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ውስጥ ሄደ። እሷም ያ ፈገግታ ምን እንደሸፈነ ለማወቅ የበሩ ደፍ ላይ ተንበረከከች። እዚያ የቀንድ ፍቅፋቂ ተበትኗል፤ ቢጫ፣ ግራጫ፣ ነጣ ያለ። በመካከሉ የኤሊሂዮ ሁለት ጥፍሮች ነበሩ። ቶሎ ለይታ ማንሳት አቃታት፤ ጥፍሩና ፍቅፋቂው አንድ ዓይነት ነበር። መዳፏ ላይ ስታደርጋቸው ምንም ክብደት አልነበራቸውም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልምምዱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስለቀሳት።

*

ሰኞ ጠዋት መንገዳችን ጸጥ አለ። አርፓው የለም። በቀቀኗ ብቻ ያችን የተሳሳተች ቦታ እያፏጨች መልስ ትጠብቃለች። ስንት ጊዜ “ምነው ዝም ባለ” ያልን ሰዎች፣ ዝም ሲል ቁርስ አልወርድ አለን።

ኒሚያ መሐረቧን በአባቷ አግዳሚ ላይ ፈታችው። ሁለቱን ጥፍሮች ከጥቂት ፍቅፋቂ ጋር ነበር የቋጠረቻቸው።

“አባባ፣ ቀንዱን ከጥፍሩ ይለዩልኝ።”

ዶን ፖርፊሪዮ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዷን አነሱ፣ ለብርሃኑ አሳዩ፣ አጠፍ አደረጓት፣ መለሷት። ሌላዋን አነሱ። ኒሚያ በዕድሜዋ አባቷ ስለ ቀንድ ሲጠራጠሩ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

“የየትኛው ጣት ነው?” አሉ በመጨረሻ።

“የሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ። ቀኝ እጅ።”

መነጽራቸውን ሳያወልቁ ተነሱ። ከመደርደሪያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነጣ ያለ የቀንድ ጫፍ አወጡ፤ ለማንም የማይሸጡት። መጋዛቸውን፣ ሞረዶቻቸውን፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ ሰበሰቡ። እኛ በየበረንዳችን ሆነን ዶን ፖርፊሪዮ ሳሙዲዮ የዕቃ ሳጥናቸውን ተሸክመው፣ ልጃቸውን አስከትለው፣ ወደ ዶኛ ካንዴላሪያ ጓሮ ሲገቡ አየን። ቪያሪካ ውስጥ አማት ወደ እጮኛ ቤት ሲሄድ ታይቶ አያውቅም፤ ቀንም ሰኞ ነው፣ የጉብኝት ቀን አይደለም።

ኤሊሂዮ ከአርፓው ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘሎ ተነሳ።

“ያን እጅ አምጣ” አሉ ዶን ፖርፊሪዮ። “ቀኙን። እንደ ሙሽራ አትሽኮርመም።”

ከኪሳቸው ክር አውጥተው የጣቱን ጫፍ ለኩ፤ ጌጥ ሠሪ ለቀለበት እንደሚለካው። ኒሚያ ይህን አይታ የራሷን ቀለበት በአውራ ጣቷ አዞረችው።

የመጀመሪያዋ የቀንድ ጥፍር ወፍራም ነበረች።

“ማንኪያ ድስት ላይ ሲመታ ይመስላል” አሉ ዶኛ ካንዴላሪያ ከኩሽናቸው።

“አልጠየቅንዎትም” አሉ ዶን ፖርፊሪዮ፣ ግን ነቅለው ጣሏት። ሁለተኛዋ ሳሳች፤ አንድ ክር ነክታ ተሰነጠቀች። ሦስተኛዋ ተላቀቀችና ዶሮዎቹ መካከል ወደቀች። በየመካከሉ ኤሊሂዮ ያችን ቦታ ይሞክራታል። ጣቶቹ ለአዲሶቹ ጥፍሮች ባዳ ሆኑ፤ በቀቀኗ እንኳ ከእሱ ትሻል ጀመር። እንደገና ይላል። እንደገና። ማክሰኞ ከንጋት እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ ጀምበር። ሽማግሌው በሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው እየሞረዱ ያዳምጣሉ።

“ዶን ፖርፊሪዮ፣ ይቅርታ” አለ ኤሊሂዮ አንድ ጊዜ፣ “ያ ወንበር የኒሚያ ነው።”

“ትቁም። ወጣት ናት።” ትንሽ ቆይተው ሞረዱን አስቀመጡ። “ይቺን ነገር እንዲህ ስትመላለስባት ስንት ጊዜህ ነው?”

“ይቺን? ዓመት አልፎኛል።”

“ማነው የሚያስገድድህ?”

“ማንም።”

“እኔን አባቴ በአለንጋ ነው አግዳሚው ላይ ያስቀመጠኝ” አሉ ሽማግሌው። “ያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ጠፍቻለሁ።” ከዚያ በኋላ ያ ቦታ በተበላሸ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደድ ጀመር፤ የት ላይ መበላሸቱንም ከልጁ እኩል ያውቁታል።

ረቡዕ ሰባተኛዋ ጥንድ ተለጠፈች። ዶን ፖርፊሪዮ ደቃቁን ሞረድ ለኤሊሂዮ ሰጡት።

“ከዚህ ወዲያ የኔ እጅ አያውቅም። ጫፏን ራስህ ጨርስ።”

ኤሊሂዮ ሞረዱን ያዘ። ጥፍሯን ለብርሃኑ አሳየ፣ ዳሯን ነካ አደረገ፣ አዞረ፣ እንደገና ነካ። ዱቄቱ እንደ አበባ ብናኝ ሱሪው ላይ ይወርዳል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ።

“ሞረድ አያያዝ የት ተማርክ?”

“ጥፍሬ ላይ” አለ ኤሊሂዮ ቀና ሳይል። “በየቀኑ።”

“አባባ” አለች ኒሚያ በሹክሹክታ፣ “ቀንድ እየሞረደ ነው እኮ።”

“አይቻለሁ። ዝም በይ፣ እጁ ይስታል።”

ጨረሰ። አርፓውን ትከሻው ላይ አስደገፈ። ያቺ ክፉ ቦታ በሸክላ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደች፤ ግራውም ከሥሯ በሰዓቱ ሮጠ። ዶኛ ካንዴላሪያ ሊጥ የያዙ እጆቻቸውን ዘርግተው ከኩሽና ወጡ። ዶን ፖርፊሪዮ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ኒሚያ ቆማ ነበር፤ ከሦስት ቀን ጀምሮ የቆመች ልጅ ድካም የሚባል ነገር ዓለም ላይ መኖሩን ረስታ ነበር።

*

ሐሙስ ኤሊሂዮ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ አሱንሲዮን ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኒሚያ ሁለት ወንበር በረንዳው ላይ አወጣች።

“ልጄ፣ ዛሬ እኮ እዚያ ነው” አሉ ዶኛ ፊደሊና።

“ሐሙስ ነው፣ እማማ።”

ጸጉሯን በውሃ አስተኝታለች። ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠች። መንገዱ በሙሉ ያያል፤ ይየው። ዝቅ ባለ ድምፅ “ግራውስ?” ብላ ጠየቀችው። ጠበቀች። መልሱን የሰማች መሰላት፣ ፈገግም አለች።

አውቶቡሱ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ጥግ ላይ ቆመ። መጀመሪያ አርፓው ወረደ፣ ቀጥሎ ተሸካሚው። ኤሊሂዮ ከመንገዱ መሐል ሆኖ አልጮኸም። እስከ በረንዳው መጥቶ፣ አርፓውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው የተናገረው።

“ወሰዱኝ። ለስድስት ወር ሙከራ ነው፤ ከዚያ ይወስናሉ። ሰኞ እጀምራለሁ።” ድምፁ ወረደ። “ኒሚያ፣ እዚያ መኖር አለብኝ። ዕረፍት የሚሰጡኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እሁድ።”

የዶኛ ፊደሊና መርፌ ቆመ። ኒሚያ ይህን ቀን ሰባት ሳምንት ሙሉ ፈርታው ነበር። አሁን ሲመጣ ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ የተለማመደችው ይህንኑ እንደነበር ታያት።

“እሁድ ይበቃኛል” አለች። “ማክሰኞን፣ ሐሙስንና ቅዳሜን ለአርፓው ሰጥቻለሁ። እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ አንተ አይደለህም። ደብዳቤ እንኳ አላስፈለገኝም።”

ዶን ፖርፊሪዮ ሦስተኛ ወንበር ይዘው ወጡ። ጭናቸው ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጡና ከፈቱት። በጥጥ ላይ አሥራ ሁለት የቀንድ ጥፍሮች ተደርድረዋል፤ ስድስት ለሌባ ጣት፣ ስድስት ለመሐል ጣት።

“ለስድስቱ ወር” አሉ። “እያንዳንዷን ጫፏን አንተ ትጨርሳታለህ። ሲያልቁ እዚሁ መጥተህ ትወስዳለህ፤ በፖስታ አልልክም።” ከዚያ ሰማዩን እያዩ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፦ “እጇን ያዝ እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል? ቀንድ ሞርደሃል።”

ኤሊሂዮ ያዘ። የቀንድ ጥፍሮቹ ቀዝቃዛ ነበሩ፣ የራሱ ጣቶች ሞቃት፤ ኒሚያ ሁለቱንም ለየቻቸው፣ ሁለቱንም ወደደቻቸው።

ከዶኛ ካንዴላሪያ ጓሮ በቀቀኗ ማፏጨት ጀመረች፤ ያችኑ ቦታ፣ ከነስህተቷ፣ ግራው ዘግይቶ። ዶን ፖርፊሪዮ ፊታቸው ተጨማደደ።

“ያችን ወፍ አንድ ሰው ያርማት!” አሉ።

“እንዳይነኳት” አለች ኒሚያ ቶሎ። ወደፊት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ወንበሩ ባዶውን ሲወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚቀርላት የኤሊሂዮ ድምፅ ያቺ ብቻ ነች። ዓይኗን ጨፈነችና በቀቀኗ የምትስትባትን ቦታ ጠበቀች። ወፏ እዚያ ስትደርስ ኒሚያ ሳቀች፤ በእጇ ውስጥ ያለው እጅም አብሯት ሳቀ።